የወደቀ ሐውልት ነሐስ

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይባል በነበረው የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ከሲሚንቶ ተሠርቶ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሆኖም በርም ሆነ ሰገነት ሳይገጥመው አየር ላይ ያበቃል። ያሠራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን ወርሮ የነበረው የፋሺስት ኢጣልያ አስተዳደር ነው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ለተቆጠረ አንድ የፋሺስት ዓመት ምልክት ነበር። የዘመን አቆጣጠርን ሳይቀር ከራሱ ልደት የጀመረ ሥርዓት፣ የተወረረውም ሕዝብ በእርሱ ቁጥር እንዲቆጥር ፈልጎ የተከለው የሲሚንቶ ካሌንደር ነው ማለት ይቻላል።

ከመጨረሻው እርከን ላይ ዛሬ አንድ አንበሳ ተቀምጧል። ከነፃነት በኋላ በኢትዮጵያውያን እጅ የወጣ የይሁዳ አንበሳ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ነው፤ በአሠራሩም ከታላላቅ የቅርጻ ቅርጽ ሥራዎች ተርታ የሚሰለፍ አይደለም። ደረጃውን ያፈረሰው የለም፤ የሸፈነውም የለም። ከአናቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተጨመረ። በዚህች ጭማሪ የሥራው ትርጉም ከሥሩ ተገለበጠ፤ ፋሺስቱ የራሱን ዕድሜ የቆጠረባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ላይ ወጥተው የአንበሳው መቆሚያ ሆነው ቀሩ።

ለዚህ ቦታ ከአንበሳ የተሻለ ምልክት ሊገኝ ባልቻለም ነበር። ወራሪው ለሐውልት የሚሰጠውን ዋጋ የአዲስ አበባ ሕዝብ በዓይኑ አይቷል። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ተነቅሎ ተቀብሯል። በለገሃር ባቡር ጣቢያ አጠገብ የነበረው የይሁዳ አንበሳ ደግሞ ወደ ሮም ተግዞ፣ በዶጋሊ ለወደቁ የኢጣልያ ወታደሮች በቆመው መታሰቢያ ሥር የምርኮ ማሳያ ሆኗል። ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘው በዚያ አንበሳ ፊት እንደ ነበር የማያውቅ ተማሪ የለም። ገነተ ልዑልም ቢሆን የግራዚያኒ መቀመጫ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የጣሉበት፣ ከዚያም ለሦስት ቀናት ከተማዋን በደም ያጠበው ጭፍጨፋ የተነሣበት ግቢ ነው። በእንዲህ ያለው ግቢ የፋሺስቱን ደረጃ በመዶሻ ማድቀቅ ቀላሉና ማንም የማይነቅፈው እርምጃ በሆነ ነበር። አልተደረገም። ደረጃው የተረፈው በይቅርታ ነው ወይም በቸልታ ነው የሚል ቢኖር፣ አንበሳው የተቀመጠበትን ቦታ ልብ ብሎ ይመልከት።

በአገራችን የቅኔ ትምህርት «ሰምና ወርቅ» የሚባለው አነጋገር መነሻው የአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይመርገዋል፤ እሳት ሲያሳየው ሰሙ ቀልጦ ይፈስና በቦታው ወርቁ ይገባል። የነሐስ ሐውልትም ከጥንት ጀምሮ የሚፈሰው በዚሁ ስልት ነው። ባለ ቅኔው ግን ከአንጥረኛው በአንድ ነገር ይለያል። በቅኔ ሰሙ አይጠፋም። ኅብር በሚባለው ቃል ውስጥ ሁለቱ ትርጉሞች አብረው ያድራሉ፤ ሰሙን ያልሰማ ወደ ወርቁ አይደርስም። የስድስት ኪሎው ደረጃ በዚህ መለኪያ ኅብር ነው። የፋሺስቱ ኩራት እዚያው አለ፤ ይነበባል፤ ይቆጠራል። የተረታውም በዚያው በራሱ ቃል ነው።

ከተጣለ የፖለቲካ ፕሮፓጋንዳ ዕቃ፣ በተለይም ከወደቀ ሐውልት፣ አዲስ ቅርጻ ቅርጽ የሚሠሩ የዘመናችን ከያንያን ከሞላ ጎደል የሚጋፈጡት ችግር ይኸው ነው፤ ሰሙን ምን ያህል ያቅልጡት? ከችግሩ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድማል፤ እርሱም ነሐሱ የማን ነው የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አዲስ አይደሉም።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 1776 የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ በኒውዮርክ በተነበበበት ምሽት፣ ሕዝቡና ወታደሩ የእንግሊዙን ንጉሥ የጆርጅ 3ኛን በወርቅ የተለበጠ ፈረሰኛ ሐውልት ገመድ ጠምጥሞ ጣለው። ሐውልቱ እርሳስ ነበር። አብዛኛው ክፍሉ ወደ ኮኔቲከት ተወስዶ በዚያ በነበሩ ሴቶችና ልጆች እጅ 42,088 የጠመንጃ አረር ወጣው፤ ንጉሡም በገዛ ወታደሮቹ ላይ ተተኮሰ። ነገሩ ፍትሕም ቀልድም አለበት፤ ቅርጻ ቅርጽ ግን አይደለም። በፓሪስ በ1818 ሌሞ የተባለው ቀራጺ የሄንሪ 4ኛን ፈረሰኛ ሐውልት ሲያፈስ፣ ከነሐሱ ከፊሉ ከቫንዶም አምድ ጫፍ የወረደው የናፖሊዮን ሐውልት ነበር። እዚህ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ቀልጦ ንጉሥ ሆነ። ሰሙ ሙሉ በሙሉ ስለ ፈሰሰ፣ ከድልድዩ ላይ የሚያልፍ ሰው ከፈረሱ ሆድ ውስጥ ማን እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሕዝቡ ያገኘው ነገር ቢኖር የጌታ ለውጥ ነው።

የሞስኮው ምሳሌ ከዚህም ይበልጥ ያስተምራል። ሌኒን ሚያዝያ 1918 የዛሮቹ ሐውልቶች እንዲነሡና በምትካቸው የአብዮቱ እንዲቆሙ የሚያዝ ድንጋጌ አወጣ፤ ፕሮግራሙም «የሐውልት ፕሮፓጋንዳ» የሚል ስም ነበረው። በዚያ ዘመን ቃሉ አያሳፍርም፤ የሚሠሩትን በስሙ ይጠሩታል። በአሌክሳንደር የአትክልት ስፍራ በ1914 የሮማኖቭን ሥርወ መንግሥት 300ኛ ዓመት ለማክበር የቆመ የድንጋይ አምድ ነበር። አልፈረሰም። የዛሮቹ ስም ተፍቆ የ19 አብዮታውያን አሳቢዎችና ታጋዮች ስም ተቀረጸበት፤ ማርክስና ኤንግልስ፣ ካምፓኔላና ቶማስ ሞር፣ ፕሌኻኖቭ ሳይቀር። ስሞቹ በድንጋዩ ላይ ከ90 ዓመታት በላይ ቆዩ። በ2013 አምዱ ፈርሶ እንደገና ሲቆም አሳቢዎቹ ተፍቀው ዛሮቹ ተመለሱ።

ይህ ድንጋይ የተጻፈበትን ሁሉ ይቀበላል፤ ስለዚህም ለማንም አይመሰክርም። በ1918 የነበሩት አብዮታውያን ቅንነት የሚጠረጠር አይደለም፤ ስሕተታቸው የቅርጹን ኃይል መናቃቸው ነው። አምዱ ከመሬት ወደ ሰማይ የሚጮኽ የነገሥታት ቅርጽ ነበር፤ የቶማስ ሞር ስም ቢጻፍበትም የነገሥታት ቅርጽ ሆኖ ቀረ። የዛሩን ስም ለመመለስ መሮ ብቻ በቂ ሆኖ የተገኘው ለዚህ ነው።

ፓሪስ ግን ሌላም ታሪክ አላት፤ የከያኒውን ኃላፊነት በሚመለከት እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጥ ታሪክ። ያው የቫንዶም አምድ፣ ናፖሊዮን ከአውስተርሊትዝ ጦርነት በማረካቸው መድፎች ነሐስ የተለበጠው፣ ግንቦት 16 ቀን 1871 በፓሪስ ኮሙን ውሳኔ ወደቀ። ሠዓሊው ጉስታቭ ኩርቤ ከውሳኔው በፊት አምዱ ተፈታትቶ እንዲነሣ ሐሳብ አቅርቦ ስለ ነበርና የኮሙኑም አባል ስለ ሆነ፣ ኮሙኑ በደም ከተደመሰሰ በኋላ መጀመሪያ ስድስት ወር ታሰረ፤ ቀጥሎም አምዱ እንደገና የሚቆምበትን ወጪ እንዲከፍል ተፈረደበት። ዕዳው 323,091 ፍራንክ ነበር። በየዓመቱ 10,000 ፍራንክ እንዲከፍል ቀን ተቆረጠለት፤ ለመጨረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስፈልገው ነበር ማለት ነው። ወደ ስዊትዘርላንድ ተሰደደ፤ የመጀመሪያው ክፍያ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 31 ቀን 1877 ዐረፈ። በፈረንሳይ ከተሞች ስንት ሐውልት እንደ ወደቀና እንደ ተነሣ ታሪክ ያውቃል። ሒሳቡ የተላከው ግን ለአንድ ሠዓሊ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ወዲህ፣ በእኛ ዘመን ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድነት ያነሣው ክንውን የተፈጸመው በሰሜን አሜሪካ፣ በቨርጂንያ ግዛት፣ ቻርሎትስቪል በምትባል መካከለኛ ከተማ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በከተማዪቱ ሁለት የነሐስ ፈረሰኞች ነበሩ። አንደኛው በ1921 የቆመው የጄኔራል ቶማስ ጃክሰን፣ በቅጽል ስሙ «ስቶንዎል» ወይም የድንጋይ ግንብ የተባለው፣ ሲሆን የሠራው ቀራጺ ቻርልስ ኬክ ነው። ሁለተኛው በ1924 የተመረቀው የጄኔራል ሮበርት ሊ ሐውልት ነው፤ ሥራውን የጀመረው ሄንሪ ሽሬዲ ሳይጨርሰው ስለ ሞተ ሊዮ ሌንቴሊ ፈጸመው። ሁለቱ ጄኔራሎች ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ለማስጠበቅ ከተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ጎን የተዋጉ ናቸው። ጦርነቱ ሲጀመር ከቻርሎትስቪልና ከአካባቢዋ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባርነት ቀንበር ሥር ነበር።

እዚህ ላይ የጊዜውን ርቀት ልብ ማለት ይገባል። ሊ እጁን ከሰጠ 59 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ሐውልቱ የቆመው። ያን ጊዜ የጦርነቱ አርበኞች አብዛኞቹ አልቀው ነበር፤ የሚለቀስለት ወታደር ሳይሆን የሚጠበቅ ሥርዓት ነበር። ጥቁሮች ከምርጫ ሳጥን፣ ከትምህርት ቤት፣ ከባቡር መቀመጫ ሳይቀር በሕግ የተለዩበት ዘመን ነው። ጃክሰን በቆመበት ዓመት ኩ ክለክስ ክላን በከተማዪቱ ቅርንጫፉን አቋቋመ። ለጃክሰን መናፈሻ ቦታ ለማግኘትም ማኪ ሮው የተባለው፣ ጥቁሮች የሚኖሩበት የመኖሪያ ረድፍ ፈርሷል። መሬቱንና ሐውልቱን ለከተማው በስጦታ ያበረከተው አንድ የከተማው ተወላጅ ባለጸጋ ነው። የስጦታውን ዋጋ በቤታቸው የከፈሉትን ሰዎች ስም የያዘ ሰሌዳ በመናፈሻው አልተተከለም። እንዲህ ያለውን ነገር «የታሪክ መታሰቢያ» ብሎ መጥራት የቃልን ክብር መንካት ይሆናል። የወቅቱ ገዢ መደብ በፈረስ ላይ አስቀምጦ በየቀኑ የሚያስነብበው ትእዛዝ ነበር።

በ2016 አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ የሊ ሐውልት እንዲነሣ የሚጠይቅ ማመልከቻ አስፈርማ ለከተማው ምክር ቤት አቀረበች። ምክር ቤቱ በየካቲት 2017 እንዲነሣ ወሰነ፤ ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 11 እና 12 ከልዩ ልዩ ግዛቶች የተሰበሰቡ የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች ችቦ ለኩሰው «ሐውልቱን እናድን» ብለው ወጡ። በሁለተኛው ቀን ከመካከላቸው አንዱ መኪናውን በተቃዋሚዎቻቸው ላይ ነድቶ አንዲት የ32 ዓመት ሴት ገደለ፤ ብዙዎችን አቆሰለ። የመቶ ዓመት ዕድሜ የተጠጋው ነሐስ ምንም አላረጀም ነበር። የወደቀ ሥርዓት ዕቃ ውበቱ እንጂ ጉዳቱ ያለፈበት ነው ለሚል የሥነ ጥበብ ሐያሲ ከዚህ የበለጠ መልስ የለም። ሁለቱም ሐውልቶች ሐምሌ 10 ቀን 2021 በክሬን ተነሥተው ወረዱ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ፈረሰኞች በሁለት የተለያዩ መንገዶች ሄዱ።

ሊ የተሰጠው በዚያው በቻርሎትስቪል ለሚገኘው የጀፈርሰን ትምህርት ቤት የአፍሪካ አሜሪካውያን ቅርስ ማዕከል ነው። ሕንፃው በመለያየት ሕግ ዘመን የጥቁሮች ልጆች ብቻ የተማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። በአንድሪያ ዳግላስ የሚመራው ማዕከል ያቀረበው ሐሳብ ሐውልቱ ይቅለጥ፣ ነሐሱም ከከተማው ነዋሪ ጋር ተመክሮበት ለአዲስ የአደባባይ ሥራ ይዋል የሚል ነበር። ለፕሮጀክቱ የተሰጠው ስም ሰይፍን ወደ ማረሻ መለወጥን ያመለክታል፤ ከነቢዩ ኢሳይያስ ትንቢት የተወሰደ ነው። ሐውልቱ እንዳይቀልጥ የፈለጉ ወገኖች ክስ መሥርተው ነበርና እስኪያልቅ ጊዜ ወሰደ። ጥቅምት 21 ቀን 2023፣ ለሠራተኞቹ ደኅንነት ሲባል ቦታው ባልተገለጸ የብረት ማቅለጫ፣ ሊ እየተቆራረጠ እሳት ገባ። ፊቱ ከራሱ ላይ እንደ ጭምብል ተቆርጦ ወጣ። ነሐስ የሚቀልጠው ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ነውና፣ ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፤ ከዚያም እንደ ፍም በራ። ቀልጦም በነሐስ ጡብ መልክ ተፈሰሰ።

ለቲያትር ሰው ይህ ትዕይንት ብቻውን የተሟላ ድርጊት ነው። መድረኩ፣ ተዋናዩ፣ ጭምብሉ፣ እሳቱ ሁሉም አለ። ሆኖም መጋረጃው ሲዘጋ የቀረው ጡብ ነው። ጡቡ ስለ ራሱ አይናገርም፤ አጠገቡ የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋል። ከዚህ ነሐስ የሚወጣው ሥራ ምንም ያህል የተዋበ ቢሆን፣ የፓሪሱ የሄንሪ ፈረስ ዕጣ ያሰጋዋል፤ በሆዱ ማን እንዳለ መንገደኛው አያውቅም። ሰሙ ፈስሷልና።

ጃክሰን ግን ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። የተረከበው ዛሬ «ዘ ብሪክ» በሚል ስም የሚታወቀው የሥነ ጥበብ ማዕከል ሲሆን፣ ማዕከሉም ሐውልቱን ለካራ ዎከር አስረከበ። ዎከር በ1969 በካሊፎርንያ ተወልዳ ከ13 ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው በጆርጅያ ስቶን ማውንቴን አጠገብ ነው፤ ጃክሰንና ሊ ከተገንጣዮቹ ፕሬዝዳንት ጋር በፈረስ ሆነው ከተራራ ላይ በተፈለፈሉበት አካባቢ። ስሟን ያስጠራት ከጥቁር ወረቀት ቆርጣ ግድግዳ ላይ የምትለጥፈው የጥላ ምስል ነው፤ የጨዋ ሰዎች የሳሎን ጌጥ የነበረውን ይህን ስልት የባርነትን ነውር ለማሳየት አዋለችው። በ2014 በብሩክሊን በአሮጌ የስኳር ፋብሪካ ውስጥ ከስኳር የተሠራች ግዙፍ ስፊንክስ አቆመች። በ2019 በለንደን የንግሥት ቪክቶሪያን መታሰቢያ እየቀለደች የባሪያ ንግድን ታሪክ የሚያፈስ ፏፏቴ ሠራች። የገዢውን ቅርጽ ከገዢው እጅ ወስዶ በገዢው ላይ ማናገር የዕድሜ ልክ ሥራዋ ነው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ እውነተኛው ነሐስ እጇ ሲገባ እንግዳ ነገር አልገጠማትም።

አላቀለጠችውም። ፈረሱና ፈረሰኛው በእሳት ተቆራረጡ፤ ቁራጮቹም እንደገና ተበየዱ፤ እንደ ነበሩ ግን አይደለም። የእንስሳውና የሰውየው አካል ተደበላልቋል፤ ራስና እጅ እግር ከተፈጥሮ ቦታቸው ርቀው ተንጠልጥለዋል። ፈረስ ነው እንዳይባል ጋላቢው ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ ሰው ነው እንዳይባል የሚያዝበት ራስ ከትከሻው ላይ የለም። ሥራው «ሰው አልባ በራሪ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ተሰጥቶታል፤ ዛሬ በየጦር ሜዳው ድሮን የሚባለው መሣሪያ ስም ነው። ጃክሰን በ1863 በጨለማ ከገዛ ወታደሮቹ በተተኮሰ ጥይት ተመትቶ እንደ ሞተ የሚያውቅ ተመልካች ርእሱ ድርብ ይሆንበታል፤ አዛዡ የሌለ፣ መግደሉን ግን ያላቆመ ነገር ነው። ሥራው በጥቅምት 2025 በተከፈተውና «ሐውልቶች» የሚል ስያሜ በያዘው ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ።

በሥነ ጥበብ ሚዛን ብቻ ከተፈረደ፣ የዎከር ሥራ ይበልጣል። ቀራጺው ኬክ ከመቶ ዓመት በፊት ያሳመረው የፈረስ ጡንቻ፣ የለጓም ማሰሪያ፣ የቦት ጫማ ሁሉ ይታያል፤ የውሸቱ ጥበብ አልተደበቀም። ተመልካቹ አንድ ጊዜ ክብርን ያያል፤ ዓይኑን ሲመልስ በዚያው ነሐስ ክብሩ ከምን እንደ ተበየደ ያያል። ይህ ኅብር ነው። የስድስት ኪሎው አንበሳ በአንድ ጭማሪ ያደረገውን እርስዋ በብዙ ቁርጥ አደረገችው።

ዳሩ ግን ሚዛኑ የሥነ ጥበብ ብቻ አይደለም። በዚያ ሐውልት ፊት መቶ ዓመት የኖሩት ሰዎች በሎስ አንጀለስ አይኖሩም። ከቻርሎትስቪል እስከዚያ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የማኪ ሮው ሰዎች የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ቤት ያስፈረሰው ፈረሰኛ ሲቆራረጥ ለማየት በአውሮፕላን መሄድ አለባቸው ማለት ነው። በአንጻሩ የሊ ነሐስ፣ ጡብም ሆኖ፣ በባለቤቶቹ እጅ ነው። ፊቱን ዳግመኛ ማየት የማይሹ ሰዎች «ቅኔው እንዲሰምር ሰሙ ይቆይ» ሊባሉ አይገባም፤ ሰሙ የነካው የእነርሱን ቆዳ ነው። ያም ሆኖ የሊን ነሐስ የሚረከበው ቀራጺ የሚጠብቀው ሥራ ከዎከር ሥራ የከበደ ነው። እርስዋ ቃሉን ይዛ ትርጉሙን ለወጠች፤ እርሱ ቃሉ ከጠፋበት ተነሥቶ ማናገር ይኖርበታል።

ሌሎች ምሳሌዎች በአጭሩ ይታለፉ። በ2015 በዩክሬን የሶቪየት ዘመን ሐውልቶች ይነሡ የሚል ሕግ በወጣ ጊዜ፣ በኦዴሳ በአንድ ፋብሪካ ግቢ የነበረውን ሌኒን ቀራጺው ኦሌክሳንደር ሚሎቭ ሳያፈርስ «የከዋክብት ጦርነት» በተባለው ፊልም የሚታወቀውን ዳርዝ ቬደርን አደረገው። ካፖርቱ ካባ ሆነ፤ ራሱ ላይ የብረት ቁር ደፋ፤ በቁሩ ውስጥ የኢንተርኔት ማሠራጫ ተገጠመለት። ሌኒን ከውስጥ አለ። ያስቃል፤ ብልሃትም አለው። ግን ሽፋንና ሽፍን ናቸው፤ አልተዋሐዱም። ሳቁ ሲያበቃ ምን ቀረ የሚል ሰው ብዙ አያገኝም።

የሞዛምቢክ ልምድ ከዚህ ይጠልቃል፤ ለአፍሪካውያን ከያንያንም ቅርብ ነው። የሞዛምቢክ የእርስ በርስ ጦርነት በ1992 ካበቃ በኋላ፣ በ1995 የአብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት በጳጳሱ በዲኒስ ሴንጉላኔ አነሣሽነት የጦር መሣሪያ ያስረከበ ሁሉ በምትኩ የሥራ መሣሪያ የሚያገኝበትን ፕሮግራም ጀመረ፤ ዶማ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ብስክሌት። የተቆራረጠው ጠመንጃ ለቀራጽያን ተሰጠ። «ኬስተር» በሚል ስም የሚታወቀው ክሪስቶቫው ካንያቫቶ በ2001 ከዚህ ቁርጥራጭ የሠራው ወንበር «የመሣሪያ ዙፋን» ይባላል፤ የሚገኘው በብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ጠመንጃ የፕሮፓጋንዳ ዕቃ አይደለም የሚል ቢኖር፣ የዚያች አገር ሰንደቅ ዓላማ ከ1983 ጀምሮ ክላሽንኮቭ የተሣለበት መሆኑን ያስታውስ። ጠመንጃዎቹ በሙሉ ከውጭ አገር የመጡ ነበሩ፤ ወንበሩ ግን ሞዛምቢካዊ ነው። ከሁሉ በላይ፣ በዚህ ሥራ ነሐሱ የማን ነው የሚል ክርክር የለም። ብረቱን ያመጣው የያዘው ሰው ራሱ ነው፤ ዋጋውንም በዶማ ተቀብሏል።

አዲስ አበባም የራስዋ የወደቀ ነሐስ አላት። ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ በ1983 የቆመው የሌኒን ሐውልት እግሩን ለርምጃ ያነሣ ነበር፤ ከተሜው «ወደ ቦሌ ሊሄድ ነው» እያለ ይቀልድበት እንደ ነበር የዚያ ዘመን ሰዎች ያስታውሳሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጡ፤ ሐውልቱ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 15 ቀን ተገነደሰ። አልቀለጠም፤ አልተቆራረጠም፤ ሙዚየምም አልገባም። በአንድ የከተማው አስተዳደር ንብረት ግቢ ውስጥ፣ ከአሮጌ ተሽከርካሪዎችና ከቁርጥራጭ ብረት መካከል፣ በጀርባው ተንጋሎ ለብዙ ዓመታት ሰማይ ሰማይ ሲያይ ኖረ።

ይህን ነሐስ የሚመኝ ቀራጺ አይታጣም፤ መመኘቱም አያስነቅፍም። ችግሩ ነሐሱ የሁለት ዓይነት ሰዎች መሆኑ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረ ገበሬ በዚያ ፊት የሚያነበው አለው። በቀይ ሽብር ልጇ ከደጅ የተወሰደባት እናትም የምታነበው አላት፤ ሁለቱ ንባብ አንድ አይደለም። አንዱን ብቻ ሰምቶ መዶሻ የሚያነሣ ከያኒ የሞስኮውን አምድ ይደግማል፤ መሮ ይዞ የሚመጣ ሌላ ሰው ደግሞ አይጠፋም። በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾችን ፎቶግራፍ፣ ልብስና ዐፅም ይዟል። ሌኒን ከቆመበት ቦታ ተነሥቶ ወደዚያ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም።